ወፎችን በብርድ ወራት ከመስኮት ማየት፦ በአንድ መመገቢያና በአንድ ከረጢት ኑግ መጀመር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ዲሴምበር ላይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ልጅ ለመያዝ ከሀገር ቤት የመጡ እናቶች ብርዱን ፈርተው ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። ልጆችም ከትምህርት ቤት መልስ ስክሪን ላይ ይተከላሉ። በዚሁ ጊዜ ግን ከመስኮቱ ውጪ ብዙ ሕይወት አለ። ቅጠሉ ስለረገፈ እንዲያውም ወፎች ከሰመር ይልቅ አሁን በደንብ ይታያሉ። ምግብ ፍለጋም ወደ ሰው ቤት ይጠጋሉ።

ይህ መመሪያ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ነው። ግቢ ያለው ቤት ይኑራችሁ፣ አፓርታማ ይሁን፣ ለሁለቱም ይሆናል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ መመገቢያ አያስፈልግም። አንድ መመገቢያ፣ አንድ ጥሩ እህል፣ ትክክለኛ ቦታና ንጽህና ይበቃል። አምስት ሰቅሎ ሁለቱን ከሚያሻግት ሰው ይልቅ አንዱን በየጊዜው የሚያጥብ ሰው ለወፎቹ ይሻላል።

መመገቡ ይጠቅማቸዋል ወይ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄም ነው።

ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ክብደቷ 10 ግራም አይሞላም ማለት ይቻላል። የሰውነቷ ሙቀት ቀን ላይ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ውጪው ከዜሮ በታች ሲወርድ ይህቺ ወፍ ቀን በልታ ያጠራቀመችውን ስብ ሌሊቱን እያቃጠለች ታድራለች። ሲነጋ ስቡ አልቋል። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር መብላት ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዊስኮንሲን ውስጥ በቺካዲዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። መመገቢያ ካገኙት 69 ከመቶው ብርዱን ተሻግረዋል። ካላገኙት የተረፉት 37 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው በተለይ ብርዱ በጠናባቸው ወራት ነው። መመገቢያ እያለም ቢሆን ወፎቹ ከዚያ የሚያገኙት የዕለት ምግባቸውን አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። ቀሪውን ከዛፍ ቅርፊት ሥር፣ ከሣር ፍሬ ራሳቸው ይለቅማሉ። መመገቢያው ሲነሳባቸውም እንደ ሌሎቹ ወፎች መኖር ችለዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ወፎቹ አይሰንፉም። ለገና ሀገር ቤት ብትሄዱና መመገቢያው ባዶ ቢቀር ጥፋት አይደለም። ሁለተኛ፣ በረዶ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወይም ዝናቡ ቅርንጫፉን በበረዶ ሲለብጠው የእናንተ እህል በእርግጥ ዋጋ አለው። በዚያ ሰሞን ከሌላችሁ ለጎረቤት አደራ በሉ።

ቦታ መምረጥ

ቦታውን ከወንበራችሁ ተነስታችሁ ምረጡ። ጠዋት ቡና የምትጠጡት የት ነው? እማማ የሚቀመጡት የትኛው መስኮት አጠገብ ነው? መመገቢያው እዚያ ይሁን። ከቤቱ ጀርባ ማንም በማያይበት ጥግ ከተሰቀለ ትረሱታላችሁ። የተረሳ መመገቢያ ደግሞ ይሻግታል።

ቀጥሎ የመስታወት ጉዳይ አለ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከመስታወት ጋር ተጋጭተው የሚሞቱ ወፎች ከ365 ሚሊዮን እስከ አንድ ቢሊዮን እንደሚጠጉ ይገመታል። ወፍ መስታወት አይታያትም። የሚታያት በመስታወቱ ውስጥ ያለው የሰማይና የዛፍ ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ መመገቢያውን ወይ በጣም አቅርቡት፣ ወይ በጣም አርቁት። ከመስኮቱ ከ3 ፊት (1 ሜትር ገደማ) ባነሰ ርቀት ከሆነ ወፏ ደንግጣ ብትነሳም ገና ፍጥነት ስላልያዘች ክፉኛ አትጎዳም። አለበለዚያ ከ30 ፊት በላይ ይራቅ። መሀል ላይ ያለው ርቀት ነው ገዳዩ።

መስኮቱ ላይ አንድ የጭልፊት ምስል መለጠፍ አይሠራም። ወፎቹ እሱን ዞረው ይጋጫሉ። የሚሠራው ከመስታወቱ በውጪ በኩል በየ2 ኢንች (5 ሴንቲ ሜትር) ነጠብጣብ መለጠፍ ወይም መስመር ማስመር ነው። ልጆች በሚታጠብ ነጭ ቀለም ቢሥሉትም ይሆናል። ልብ በሉ፣ ከውጪ ነው።

አንዷ ተጋጭታ ከወደቀች ክዳን ባለው የካርቶን ሣጥን ውስጥ አስቀምጧት። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው። ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን። ውኃም ምግብም አትስጧት። ከሰዓት ያህል በኋላ ወደ ውጪ አውጥታችሁ ክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ በርራ ትሄዳለች። ካልቻለች ወደ ዱር እንስሳት ማገገሚያ ውሰዷት። ዲሲ ውስጥ ሲቲ ዋይልድላይፍ የሚባል ይህን የሚሠራ ድርጅት አለ።

ግቢ ካላችሁ ከመመገቢያው ከ10 ፊት ትንሽ በለጥ ብሎ ርቆ ቁጥቋጦ ወይም ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ቢኖር ጥሩ ነው። ጭልፊት ሲመጣ ይደበቁበታል። ከዚያ ከቀረበ ግን ድመት አድፍጣ ትዘልባቸዋለች። የሰሜን ምዕራቡን ነፋስ ቤቱ የሚከልለው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ከሁሉ ይመረጣል።

አፓርታማ ለምትኖሩ መስታወት ላይ በፕላስቲክ መምጠጫ የሚጣበቅ ግልጽ መመገቢያ አለ። ዋጋው ቀላል ነው። መስታወቱን በደንብ አጽዱ፣ መምጠጫውን በሞቀ ውኃ አርጥቡት፣ ከዚያ ተጭናችሁ አጣብቁት። በብርድ ቀን በደረቁ ከለጠፋችሁት ሌሊት ይወድቃል። ከመግዛታችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን እዩ፤ አንዳንድ ሕንጻ ይከለክላል። ቅርፊቱ ከታች ጎረቤት በረንዳ ላይ እንዳይዘንብ ደግሞ የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ተጠቀሙ።

የመመገቢያ ዓይነት

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቱቦ መሳዩ ለትንንሾቹ ወፎች ጥሩ ነው። ጣሪያ ያለው፣ ትንሽ ቤት የሚመስለው፣ እህሉን ከበረዶ ይከላከላል፤ ትልልቆቹም ይቆሙበታል። ጠፍጣፋው ትሪ ሁሉንም ይጋብዛል፤ ግን ዝናብ ስለሚገባው በየቀኑ መታየት አለበት። ለሞራ የሽቦ ቀፎ አለ። ለኑግ ደግሞ ቀዳዳው ቀጭን የሆነ የራሱ ቱቦ አለ። የምትገዙት ሁሉ ተፈታትቶ የሚታጠብ ይሁን። ሌላው ሁሉ እንደ ምርጫችሁ ነው።

ምን እንስጣቸው?

አንድ እህል ብቻ ግዙ ብባል ጥቁሩን የሱፍ አበባ ፍሬ እመርጣለሁ። ሁለት ዓይነት ይሸጣል። ባለ መስመሩ ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ጥቁሩ ግን ቅርፊቱ ስስ፣ ዘይቱም ብዙ ስለሆነ ትንሿ ቺካዲ እንኳ ትሰብረዋለች። አካባቢው ላይ ያለ ወፍ አብዛኛው ይበላዋል። ለሱፍ ፍትፍት የምናውቀው ነጩ ሱፍም ይሸጣል። ካርዲናል የሚባለው ወፍ ይወደዋል። ስኩረል የሚባለው ዛፍ ላይ የሚሯሯጥ ትንሽ እንስሳና ስታርሊንግ የሚባለው ወራሪ ወፍ ግን ብዙም አይወዱትም። እነዚያ ካስቸገሯችሁ ወደ ነጩ ሱፍ ቀይሩ።

አሁን ወደ ኑጉ።

በየሱቁ ናይጀር ወይም ቲስል ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ቀጭን ፍሬ ራሱ ኑግ ነው። መስከረም ጥቅምት ላይ የጎጃምን፣ የጎንደርን፣ የሸዋንና የወለጋን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው ያው ኑግ። የሳይንስ ስሙ እንኳ አቢሲኒካ ይላል። አሜሪካኖች ለወፍ ብለው በከረጢት ይገዙታል። የሚመጣው ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከምያንማር ነው። ወደዚህ ሲገባ በመንግሥት ትእዛዝ በከፍተኛ ሙቀት ይታከማል። ምክንያቱ ከኑጉ ጋር ተቀላቅለው የሚመጡ ጥገኛ አረሞች እዚህ እንዳይበቅሉ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ቢፈስም ግቢያችሁን አረም አይወርሰውም።

ኑግ የሚወደው ጎልድፊንች ነው። ይህ ወፍ ሰመር ላይ ወንዱ ደማቅ ቢጫ ነው። በብርዱ ግን ልብሱን ይቀይራል። የወይራ ቅጠል የመሰለ ደብዛዛ ቀለም ይለብስና ጥቁር ክንፉ ላይ ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች ብቻ ይቀሩታል። ብዙ ሰው ድንቢጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ተጠግታችሁ አስተውሉት። ፍሬዋን በምንቃሩ ጫፍ ከቀዳዳው ይስባል። ከዚያ አይበርርም፤ እዚያው ቆሞ ያላምጣል። በምላሱ እያዞረ ቅርፊቷን ለሁለት ይሰነጥቃታል። ከአፉ ጠርዝ ጥቁር ብናኝ የመሰለ ቅርፊት ሲረግፍ ይታያል። ነጯን ፍሬ ይውጥና ቀጣዩን ይስባል። አንዱ ቱቦ ላይ ስድስት ሰባት ሆነው እንዲህ ሲበሉ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። ለሚያይ ሰው እንደነሱ የሚመች ወፍ የለም።

ኑግ አንድ ጣጣ አለው። ዘይቱ ይደርቃል። የደረቀውን ጎልድፊንች አይነካውም፤ ሰው ደግሞ «ወፎቹ ጠፉ» ይላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥቂት ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቁ። ወረቀቱ ላይ የዘይት ምልክት ከታየ ደህና ነው። ካልታየ ጣሉት። ሽታውንማ ኑግ ባለበት ቤት ያደገ ሰው አይስተውም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ግዙ፤ ቱቦውንም አትሙሉት፣ እስከ ግማሹ ይበቃል። ለወፍ የተሸጠውን ኑግ ግን ለምግብ አትጠቀሙ። ለሰው ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም።

ሌላው ጥሩ ምግብ ሞራ ነው። በተለይ ኩላሊቱን የሚሸፍነው ጠንካራው የበሬ ስብ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የምትገዙበት ሐበሻ ሥጋ ቤት ብትጠይቁ ይገኛል። በመዳፍ ልክ ቆርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። አንዱን እያወጣችሁ የሽቦው ቀፎ ውስጥ ክተቱ። ግንደ ቆርቁር ሁሉ ይመጣበታል። ጨው ወይም ቅመም አይንካው። ንጥር ቅቤ አይሆንም፤ ቀልጦ ላባቸው ላይ ከተለጠፈ ብርዱን መከላከል ያቅታቸዋል። ቀኑ ሞቅ ካለ ጥሬው ሞራ ስለሚበላሽ አንሱት።

ኦቾሎኒም ጥሩ ነው፤ ግን ጨው የሌለው። ቆሎ፣ ቺፕስ፣ ጨው የነካው ሁሉ ይቅር። እንጀራና ዳቦም አትስጡ። ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ ለሌሊቱ ብርድ የሚሆን ስብ የለውም። አይጥም ይጠራል።

ርካሹን ድብልቅ ከረጢት ደግሞ ገልብጣችሁ አንብቡ። አብዛኛው ቀይ ማሽላ ከሆነ ተዉት። እዚህ ምሥራቁ ላይ ያሉ ወፎች ማሽላውን እየበተኑ ሱፏን ይለቅማሉ። የተበተነው መሬት ላይ ይበሰብሳል። በርካሽ የተገዛው ግማሹ ከተጣለ ርካሽ አልሆነም።

ውኃ

ሁሉ ነገር ሲቀዘቅዝ ውኃ ከምግብ ይበልጥ ይቸግራቸዋል። ጥልቀቱ ከ2 ኢንች ያልበለጠ ገበታ በቂ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሸጣል። ከሌላችሁ ጠዋት ጠዋት በረዶውን አፍሳችሁ ለብ ያለ ውኃ ጨምሩበት። ጨው ወይም የመኪና ፀረ በረዶ ፈሳሽ ፈጽሞ አይጨመርም፤ መርዝ ነው።

ስኩረልን መቋቋም

ስኩረል መምጣቱ አይቀርም። ቁጥሩን እወቁት፤ 5፣ 7፣ 9 ይባላል። ከመሬት ወደ ላይ 5 ፊት፣ ከዛፍ ወይም ከአጥር ወደ ጎን 7 ፊት፣ ከላይ ወደ ታች 9 ፊት ይዘልላል። ስለዚህ ብረት ምሰሶ ትከሉ። ከማንኛውም ዛፍ፣ አጥርና ጣሪያ ከ10 ፊት በላይ ይራቅ፤ ከመስኮት ግን ቀደም ያልነውን 30 ፊት አትርሱ። ምሰሶው ላይ የቧንቧ ቅርጽ ያለው ማገጃ አስገቡ፤ ማገጃው ከመሬት 5 ፊት ያህል ከፍ ይበል። ይህን ካሟላችሁ ሌላ ዘዴ አያስፈልጋችሁም። ምሰሶውን ዘይት ወይም ቅባት አትቀቡት። ላባቸውንና ጸጉራቸውን ያበላሻል።

እኛ ቤት መጀመሪያ የሚታሰበው ሚጥሚጣ ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። ወፍ የበርበሬ ማቃጠል አይሰማትም፤ ስኩረልን ግን ያቃጥለዋል። የኛ ሚጥሚጣ ግን ጨውም ቅመምም አለበት። ዱቄቱም በነፋስ ተነስቶ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የወፉም የእናንተም። ካስፈለገ በፋብሪካ በርበሬ የተለበጠውን የሱፍ ፍሬ ወይም የስብ ኬክ ግዙ።

ዲሲና ዙሪያው ጥቁር ስኩረል ካያችሁ ሌላ ዘር አይደለም። ያው ግራጫው ስኩረል ነው፣ ቀለሙ ብቻ ጠቆረ። በ1902 እና በ1906 ከካናዳ ኦንታሪዮ የመጡ 18 ጥቁር ስኩረሎች ብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ ተለቀው ነበር። ዛሬ በከተማው የሚሯሯጡት የእነሱ ልጆች ናቸው።

ማን መጣ?

መመገቢያውን በሰቀላችሁ ማግስት ምንም ላይመጣ ይችላል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ስጡት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምታገኘው ቺካዲ ናት። ጥቁር ቆብ፣ ጥቁር ጉሮሮ፣ ነጭ ጉንጭ። አንዲት ፍሬ ትመርጣለች፣ ትበርራለች፣ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬዋን በሁለት እግሯ መሀል ትይዛለች፣ ከዚያ በምንቃሯ እየቀጠቀጠች ትከፍታታለች። አንዳንዷን አትበላትም፤ ቅርፊት ሥር ትደብቃታለች። የደበቀችበትን ታስታውሳለች። አብሯት ብዙ ጊዜ ቲትማውስ ይመጣል። ግራጫ ነው፣ ጉትዬ አለው፣ ዓይኑ ትልቅ ጥቁር ነው።

ካርዲናልን ማንም አይስተውም። ወንዱ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሴቷ ቡናማ ሆና ክንፏና ጉትዬዋ ላይ ቅላት አለባት። ሁለቱም ወፍራም ብርቱካናማ ምንቃር አላቸው። ቨርጂኒያን ጨምሮ ሰባት ግዛቶች የግዛታችን ወፍ ብለውታል። አይሰደድም። የሚመጣው ገና ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ነው፤ ከሥራ በፊት ቡና የምትጠጡ ሰዎች ድርሻ እሱ ነው። በረዶ መሬቱን ሸፍኖ ወንዱ ሲያርፍ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይጣራል።

ጁንኮ ጀርባው ከሰል፣ ሆዱ ነጭ ነው። ከሰሜን ኦክቶበር ላይ ይመጣል፣ ኤፕሪል ላይ ይመለሳል። መሬት ላይ ነው የሚለቅመው። ሲነሳ የጭራው ዳርና ዳር ነጭ ብልጭ ይላል። አብሮት ነጭ ጉሮሮ ያለው ድንቢጥ አለ፤ በሁለት እግሩ ባንዴ ወደ ኋላ እየዘለለ ቅጠሉን ይጭራል።

ነትሃች የሚባለውን ልጆች ይወዱታል። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ግንዱን ይወርዳል። ሌላ ወፍ እንዲህ ሲያደርግ ካያችሁ እንደገና ተመልከቱ። ሞራው ላይ የሚለጠፈው ትንሹ፣ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር፣ ዳውኒ የሚባለው ግንደ ቆርቁር ነው። ወንዱ ማጅራቱ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ዋኔ የመሰለችው ረጅም ጭራ ያላት ደግሞ ሞርኒንግ ደቭ ናት፤ ለሀገር ቤት ሰው ድምፅዋ ሩቅ አይደለም።

የቤት ድንቢጥና ስታርሊንግ የዚህ ሀገር ተወላጅ አይደሉም። ድንቢጡ በ1851 ብሩክሊን፣ ስታርሊንጉ በ1890 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በሰው እጅ ተለቀው ነው አሜሪካን ያዳረሱት። በመንጋ መጥተው ትሪውን ከወረሩት ትሪውን አንስታችሁ ቱቦ ብቻ ተዉ።

ለመለየት ስልካችሁ ላይ መርሊን የሚባለውን ነጻ አፕ ጫኑ። በፎቶም በድምፅም ይለያል። ድምፅ ላይ አንዳንዴ ስለሚሳሳት ወፏን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመዝግቡ። ባይኖኩላር ከገዛችሁ 8 በ42 የሚለው ለጀማሪ ይስማማል።

ንጽህና

ይህን ክፍል ዘልላችሁ አትለፉ። ወፎች ተፈጥሮ ላይ ተበታትነው ነው የሚበሉት። እኛ አንድ ቦታ ስንሰበስባቸው በሽታም ይሰበሰባል።

በ1994 መጀመሪያ ላይ እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ ሃውስ ፊንች የሚባሉት ወፎች ዓይናቸው አብጦና ተጣብቆ ታዩ። ባክቴሪያ ነበር። በጥቂት ዓመታት ምሥራቁን አሜሪካ አዳረሰ። ዛሬም አለ። በ2021 ሰመር መግቢያ ላይ ደግሞ ሌላ የዓይን በሽታ ስለታየ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሕዝቡ መመገቢያውን እንዲያወርድ ጠይቀው ነበር። በዚያው ዓመት ከዱር ወፎች ወደ ሰው የተላለፈ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም ታይቷል።

አሠራሩ ይህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ ዝናብ ከበዛ ደግሞ በየሳምንቱ፣ መመገቢያውን አውርዱ። የቀረውን እህል ጣሉ። ፈታታችሁ በሳሙናና በብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ደጋግማችሁ በንጹህ ውኃ አለቅልቁት። ፈጽሞ ሳይደርቅ እህል አትጨምሩበት፤ እርጥበት ካለ እህሉ ይሻግታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለዚሁ በተለየ ባልዲ ነው፤ ዕቃ በሚታጠብበት ሲንክ ውስጥ አይደለም። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሥሩ የተከመረውንም ቅርፊት ጥረጉ።

ዓይኗ ያበጠ፣ ወይም ላባዋን ነፍታ የማትነቃነቅ ወፍ ካያችሁ መመገቢያውን በሙሉ አውርዱና እጠቡ። ለሁለት ሳምንት ያህል አትስቀሉ። ሲታይ ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጤነኞቹ ከታመመችው ጋር አንድ ቀዳዳ ላይ እንዳይበሉ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው።

ሌሎች እንግዶች

ድንገት ሁሉም ጸጥ ካለና ግንደ ቆርቁሩ ግንዱ ላይ ደርቆ ከቀረ ጭልፊት አለ ማለት ነው። ኩፐርስ የሚባለው ጭልፊት ወፍ አዳኝ ነው። እሱም የሚበላው ይፈልጋል፤ አታባርሩት። ብዙ ቀን ከተመላለሰ ግን መመገቢያውን ለአንድ ሁለት ሳምንት አውርዱ። ወፎቹ ይበተናሉ፣ እሱም ሌላ ቦታ ይሄዳል። የቤት ድመት ካላችሁ ቤት ውስጥ ትዋል።

ማታ ሌላ ዓለም ነው። ትልልቅ ዛፍ ያለበት ሰፈር ከሆነ በራሪ ስኩረል ይመጣል። ትንሽ ናት፣ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ከዛፍ ዛፍ ትንሳፈፋለች። መብራት አጥፍታችሁ ከጨለመ በኋላ በመስኮት ጠብቁ። ቀበሮ ወደ ሥሩ ይመጣል፤ የሚፈልገው እህሉን የሚለቅሙትን አይጦች ነው። ራኩን የሚባለውን የዱር እንስሳ ግን አትመግቡ፣ አትቅረቡም። በዚህ አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታን በዋናነት የሚያስተላልፈው እሱ ነው። አጋዘንም አትመግቡ። አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ክፉ በሽታ ይተላለፍባቸዋል፤ ቨርጂኒያ ውስጥም በሕግ የተከለከለባቸው ቦታዎችና ወራት አሉ። አይጥ እንዳይበዛ ማታ ማታ የፈሰሰውን ጠርጋችሁ ግቡ፤ እህሉንም በቆርቆሮ ጣሳ ክዳን አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ልጆች የወደቀ ላባ ሲያገኙ ይሰበስባሉ። ከ1918 ጀምሮ ባለው ሕግ የአብዛኞቹን የዱር ወፎች ላባ፣ ጎጆም ሆነ እንቁላል መያዝ ክልክል ነው። አይተው፣ ፎቶ አንስተው ይተዉት።

መመዝገብ

አንድ ደብተር መስኮቱ አጠገብ አስቀምጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የመጣው ወፍ። እናታችን በአማርኛ ይጻፉት፣ ልጁ የእንግሊዝኛ ስሙን ከአፑ አንብቦ ይጨምርበት። በእንግሊዝኛና በአማርኛ መሀል ለሚቸገሩ አያትና የልጅ ልጅ የሚያነጋግር ነገር ይገኛል።

ምዝገባው ለሳይንስም ይጠቅማል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ምርምር ማዕከልና በርድስ ካናዳ የሚባለው ድርጅት የሚያካሂዱት ፊደርዎች የሚባል ቆጠራ አለ። ከ1987 እስከ 88 ከነበረው ዊንተር ጀምሮ በመላው ሰሜን አሜሪካ ይካሄዳል፤ በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30። መጠነኛ ክፍያ አለው። ክፍያ ካልፈለጋችሁ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ለ4 ቀን የሚደረግ ነጻ የግቢ ወፎች ቆጠራ አለ። 15 ደቂቃ መቁጠር ይበቃል።

ስትቆጥሩ አንድ ደንብ ያዙ። የመጡትን እየደመራችሁ አትሂዱ፤ ያቺው ቺካዲ አሥር ጊዜ ትመላለሳለችና። በአንድ ቅጽበት በአንድነት ያያችሁትን ከፍተኛ ቁጥር ጻፉ። ሦስት ካርዲናል ባንዴ ካያችሁ 3 ነው፤ ኋላ ሁለት ቢመጡም ያው 3 ነው።

ኤፕሪል ሲመጣ

ጎልድፊንቹ ቀስ በቀስ ቢጫ ነጠብጣብ ማውጣት ይጀምራል። ኑጉን እሱን ለማየት ስትሉ እስከ ሜይ አቆዩት። ጥሬውን ሞራ ግን አሁን አንሱ። ተራራማው ምዕራብ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ድቦች ስለሚነቁ መመገቢያውን በሙሉ አውርዱ።

በኤፕሪል አጋማሽ ሃሚንግበርድ ትደርሳለች። ለሷ አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ በሌላ መመገቢያ ትሰቅላላችሁ፤ ቀይ ቀለም አይጨመርበትም። የብርዱን መመገቢያ በበረኪናው ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አስቀምጡ። የተረፈው ኑግ በወረቀቱ ፈተና ካለፈ አየር በማይገባው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፤ ካላለፈ ኖቬምበር ላይ አዲስ ግዙ።